ምዕራፍ አምስት፦ የእሾህ አክሊሉ የመጣበት መንገድ

ከሰባት መቶ ዓመት በፊት የኖረ ኢትዮጵያዊ ሠዓሊ ስቅለትን ሲሥል የተሰቀለውን አይሥልም ነበር። ከ13ኛውና ከ14ኛው ክፍለ ዘመን የተረፉልን የብራና ወንጌሎች ይህን ያሳያሉ፤ በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም የሚገኘው፣ በ1280 ወይም በ1281 የተጻፈው የአባ ኢየሱስ ሞዐ ወንጌል ከቀደምቶቹ አንዱ ነው። መስቀሉ በገጹ መካከል ቆሟል፤ ከበላዩ በግ ይታያል። በመስቀሉ ላይ ግን ሰው የለም። ደም አይፈስም፣ ችንካር አይታይም፣ የእሾህ አክሊልም የለም። ሠዓሊው ሊያሳይ የፈለገው ሞት ድል የተነሣበትን ዓርማ ነው።

ዛሬ ወር በገባ በ27 ወደ ቦሌ መድኃኔዓለም የሚሄድ ምእመን የሚያገኘው ፍጹም ሌላ ሥዕል ነው። ጧፍ፣ መቁጠሪያና የጸሎት መጽሐፍ ከሚሸጥበት ጎን ፖስተሮች ተዘርግተዋል፦ አንገቱን ያዘነበለ ፊት፣ ግንባሩ ላይ የተጎነጎነ እሾህ፣ በጉንጩ የሚወርድ ደም። ይኸው ፊት በገርጂና በሲኤምሲ ሚኒባሶች መስታወት ላይ ተለጥፏል፤ በጎሮና በሰሚት ባጃጆች ውስጥ ከሹፌሩ ራስ በላይ ተንጠልጥሏል። ለብዙ የአዲስ አበባ ሰው ከዚህ የበለጠ «የኛ» የሚባል ሥዕል የለም።

ከባዶው መስቀል ተነሥቶ ደም የለበሰው ፊት ድረስ የሚያደርሰው መንገድ በኑረምበርግ፣ በዊተንበርግ፣ በአንትወርፕና በሮም ማተሚያ ቤቶች በኩል ያልፋል። ዘመኑም አውሮፓ በሃይማኖት ተከፍላ እርስ በርስ የምትተላለቅበት ነበር። ይህ ምዕራፍ መንገዱን ተከትሎ ሁለት ነገር ይጠይቃል፦ እንግዳው ሥዕል እንዴት ገባ? አስገቢዎቹ ሲባረሩስ እሱ እንዴት ቀረ? (በምዕራፉ ውስጥ «ዓ.ም.» ያልተባለ ዓመት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።)

በእንጨትና በመዳብ

የእንጨት ኅትመት አሠራሩ ቀላል ነው። ሠዓሊው በተላገ ጣውላ ላይ ይነድፋል፤ ጠራቢው መስመሩን ትቶ በዙሪያው ያለውን እንጨት በስለት ይፈለፍላል። ቀለም የሚይዘው ከፍ ብሎ የቀረው መስመር ብቻ ነው። ወረቀት ይነጠፍበታል፣ ይጫናል፣ ይነሣል፤ ሌላ ወረቀት ይተካል። የመዳብ ቅርጽ የዚህ ተቃራኒ ነው። ቀለሙ የሚገባው በብረት ስለት በተቦረቦረው መስመር ውስጥ ስለሆነ ከባድ መጫኛ ይፈልጋል፤ በምላሹ ፀጉር የሚያክል ቀጭን መስመር ይሰጣል። እንጨቱ ደግሞ የራሱ ብልጫ አለው፦ ከፊደል ጋር በአንድ ማተሚያ፣ በአንድ ገጽ ላይ አብሮ ይታተማል።

ይህ የእጅ ሥራ ዝርዝር የሥዕልን አኗኗር ቀየረ። በግድግዳ ላይ ያለ ሥዕል አንድ ነው፤ ሊያየው የፈለገ ወደ እሱ ይሄዳል። የታተመው ግን ራሱ ወደ ሰው ይሄዳል። የኑረምበርጉ አልብሬኽት ዱረር ይህን ቀድመው ከተረዱት ሠዓልያን አንዱ ነበር። በ1511 የጌታን ሕማማት በሁለት የእንጨት ኅትመት መጻሕፍት አወጣ፤ አንዱ በትልልቅ ገጽ፣ ሌላው 37 ሥዕሎች ባሉት ትንሽ መጽሐፍ። ትንሹን የገዛ ሰው ግርፋቱን፣ የእሾህ አክሊሉን፣ መስቀል መሸከሙን በቤቱ ቁጭ ብሎ ገጽ በገጽ ይከተል ነበር። ሕማሙ ለአንድ ሰው ዓይን በእጅ ርቀት ቀረበ።

ሥዕሉ እንዲህ ከቀረበ በኋላ ለጠብም አገለገለ። ማርቲን ሉተር 95ቱን ነጥቦች ካወጣ ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ1521፣ የዊተንበርጉ ሠዓሊ ሉካስ ክራናኽ በ26 የእንጨት ኅትመቶች የተሞላ ትንሽ መጽሐፍ አዘጋጀ። ሥዕሎቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው ይቀርባሉ። በአንዱ ገጽ ክርስቶስ የደቀ መዛሙርቱን እግር ያጥባል፤ በአንጻሩ የሮሙ ጳጳስ እግራቸውን ያስማሉ። በአንዱ ገጽ ወታደሮች የእሾህ አክሊል በክርስቶስ ራስ ላይ ያደርጋሉ፤ በአንጻሩ ጳጳሱ ሦስት ደረጃ ያለው የወርቅ አክሊል ይጭናሉ። ማንበብ የማይችለውም ገበሬ ነገሩ ይገባዋል። የእሾህ አክሊሉ የጸሎት ሥዕል መሆኑ ሳይቀር የክስ ማስረጃ ሆነ።

ተሐድሶ አራማጆቹ ራሳቸው በሥዕል ጉዳይ አልተስማሙም። ሉተር ሰው እስካልሰገደለት ድረስ ሥዕልን ታገሠ። በዝዊንግሊ ትምህርት የተመራችው ዙሪክ ግን በ1524 ሥዕሎችንና ሐውልቶችን ከአብያተ ክርስቲያናት አስወጣች። በ1566 በኔዘርላንድስ ምድር ሕዝብ እየተነሣ ሥዕል ሰባበረ፤ የአንትወርፕ ካቴድራልም አልተረፈም። በመካከሉ የካቶሊክ ጳጳሳት በትሬንት ጉባኤ መጨረሻ፣ በታኅሣሥ 1563፣ ሥዕል ሕዝብን ያስተምራል፣ ልብንም ለጸሎት ያነሣሣል ብለው አጸኑ።

በዚያው ዓመት በለንደን የጆን ፎክስ የሰማዕታት መጽሐፍ ወጣ፤ በካቶሊክ ነገሥታት ዘመን በእሳት የተቃጠሉ ፕሮቴስታንቶችን በእንጨት ኅትመት የሚያሳይ ነው። በ1587 ደግሞ ሪቻርድ ቬርስቴገን በአንትወርፕ በፕሮቴስታንቶች እጅ የተሠቃዩ ካቶሊኮችን በመዳብ ቅርጽ አሳተመ። ሁለቱም ወገኖች ሥቃይን ሣሉ፤ ሁለቱም ለሥቃዩ የክርስቶስን ሕማማት አምሳያ አደረጉ። ማን እውነተኛ ቤተ ክርስቲያን እንደሆነ የሚመሰክረው የማን ደም ነው? ክርክሩ ሁሉ እዚያ ላይ ያርፍ ነበር።

ኢትዮጵያውያን በማተሚያው ደጃፍ

ኢትዮጵያውያን ለዚህ ወሬ ሩቅ አልነበሩም። በሮም ከቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ በምትገኘው የኢትዮጵያውያን ማረፊያ፣ በቅዱስ እስጢፋኖስ፣ ከኢየሩሳሌም የሚመጡ መነኮሳት ያርፉ ነበር። ጀርመናዊው ዮሐንስ ፖትከን ግእዝን ከእነሱ ተምሮ በ1513 መዝሙረ ዳዊትን በግእዝ ፊደል አሳተመ፤ በግእዝ ፊደል የታተመ የመጀመሪያው መጽሐፍ ይህ ነው። የደብረ ሊባኖሱ መነኩሴ አባ ተስፋ ጽዮን ደግሞ በ1548 እና በ1549 የሐዲስ ኪዳንን የግእዝ ኅትመት አወጡ። ዱረር ሕማማቱን ባሳተመ በሁለተኛው ዓመት የእኛ ፊደል በብረት ተቀርጾ ነበር ማለት ነው።

ከዚህ የሚገርመው የዲያቆን ሚካኤል ጉዞ ነው። ይህ ኢትዮጵያዊ በ1534 ዊተንበርግ ገብቶ ከሉተርና ከባልደረባው ከሜላንክቶን ጋር ስለ ቅዳሴና ስለ እምነት ተነጋገረ። ሉተርም የኢትዮጵያ ሥርዓት ከነሱ እምነት ጋር እንደሚስማማ ገልጾ የድጋፍ ደብዳቤ ሰጠው። ክራናኽ በዚያ ጊዜ የከተማዋ ታላቅ ሠዓሊ ነበር፤ በሥዕል ያሸበረቀው የሉተር ሙሉ መጽሐፍ ቅዱስም በዚያው ዓመት እዚያው ታትሞ ወጣ። ይህ ሁሉ ሲሆን በአገር ቤት የግራኝ አሕመድ ጦርነት አምስተኛ ዓመቱን ይዞ ነበር። በ1543 እስኪያበቃ ድረስ ስንት ቤተ ክርስቲያን ተቃጠለ፣ ስንት ብራና አመድ ሆነ። ከጦርነቱ በኋላ አብያተ ክርስቲያናቱን መልሶ ማቆም ብቻ አልበቃም፤ የሚሣለውን መምረጥም እንደ አዲስ ተጀመረ።

እንግዳ ሥዕል የተፈተነው በዚያ ጊዜ ብቻ አይደለም። በ15ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የመጣው የቬኒሱ ኒኮሎ ብራንካሌዮን በአገራችን መርቆሬዎስ ተብሎ ለአብያተ ክርስቲያናት ይሥል ነበር። ተጓዡ ጄምስ ብሩስ እንደጻፈው ሕፃኑን በእመቤታችን ግራ ክንድ ላይ አድርጎ በመሣሉ ቁጣ አስነሥቷል፤ ግራ እጅ በአገሩ ለክብር አይቀርብምና። የውጭ ሠዓሊ መምጣቱ ያስቆጣ አልመሰለም። ያስቆጣው ሕፃኑ ያለ ቦታው መቀመጡ ነው።

ሰው ተባረረ፣ ሥዕሉ ቀረ

ኢየሱሳውያን ሚሲዮናውያን በ1557 ኢትዮጵያ ገቡ። ከ1603 ጀምሮ በፔድሮ ፓኤዝ ብልሃት ቤተ መንግሥት ደረሱ፤ ዐፄ ሱስንዮስም በ1622 ካቶሊክነታቸውን በይፋ ገለጡ። ማኅበሩ ከመጀመሪያው ሥዕልን የስብከት መሣሪያ አድርጎ ነበር። ከያዟቸው ሥራዎች ትልቁ ሄሮኒሞ ናዳል ያዘጋጀውና ከሞቱ በኋላ በ1593 በአንትወርፕ የታተመው የወንጌል ታሪክ ሥዕል ነው፤ 153 የመዳብ ቅርጾች አሉት፣ አብዛኞቹን የሠሩት የቪሪክስ ወንድማማቾች ናቸው። በእያንዳንዱ ሥዕል ላይ ፊደላት ተበትነዋል፤ ከሥሩ በየፊደሉ የሚነበብ መግለጫ አለ። ጸሎተኛው በፊደሉ እየተመራ በቦታው እንዳለ ሆኖ ያሰላስላል። መጽሐፉ እስከ ቻይና ተጉዟል፤ ወደ ኢትዮጵያም መጣ።

ሁለተኛው ምንጭ ከሮም ነው። የሜዲቺ ማተሚያ ቤት በ1590 እና በ1591 ወንጌልን በዐረብኛ አሳተመ። በአንቶኒዮ ቴምፔስታ ንድፍ የተፈለፈሉ 149 የእንጨት ሥዕሎች አሉበት፤ አንዳንዱ ጣውላ በተለያየ ቦታ ተደጋግሞ ታትሟል። ሦስተኛው በሮም ሳንታ ማሪያ ማጆሬ ያለችው የእመቤታችን ሥዕል ናት። ጳጳስ ጲዮስ አምስተኛ እንድትገለበጥ በ1569 ለኢየሱሳውያን ከፈቀዱ በኋላ ቅጂዋ በዓለም ተበተነ። እጆቿን አቆላልፋ፣ መሐረብ ይዛ፣ ሕፃኑን ታቅፋ በየቤተ ክርስቲያናችን የምናያት «ምስለ ፍቁር ወልዳ» የዚያች ሥዕል ዘር ናት።

ቀጥሎ የሆነውን ሁላችንም በታሪክ ትምህርት ሰምተናል። ደም ፈሰሰ፤ ሱስንዮስ በ1632 የቀደመውን ሃይማኖት መልሰው ያንኑ ዓመት ዐረፉ፤ ልጃቸው ፋሲለደስ ኢየሱሳውያኑን አባረሩ። ከዚያ በኋላ «ፍራንክ» የሚለው ስም ስድብ ሆነ። ሥዕሎቻቸውም አብረው ይባረራሉ ብሎ መጠበቅ ተገቢ ይመስላል። የሆነው ግን ተቃራኒው ነው። በብሪቲሽ ላይብረሪ የሚገኝ፣ በ1664 እና በ1665 መካከል የተዘጋጀ የኢትዮጵያ ወንጌል የቴምፔስታን ሥዕሎች ተከትሎ ተሥሏል። በዚያ ጊዜ ገና በዙፋኑ ላይ ያሉት እነዚያው ፋሲለደስ ናቸው። የጎንደር ሥዕል ከተባለው ታላቅ ዘመን ብዙው ክፍል፣ በተለይ የሕማማቱ ተከታታይ ሥዕል፣ የበቀለው ከአባራሪው ንጉሥ ዘመን ጀምሮ ነው።

ምክንያቱን ለማግኘት ከሥዕሉ ወጥተን ወደ ንባቡ እንሂድ። ከአውሮፓ ሥዕል መምጣት በፊት ሕማማቱ በኢትዮጵያ በቃል ሙሉ ነበር። ግብረ ሕማማት በ14ኛው ክፍለ ዘመን በአቡነ ሰላማ ዘመን ከዐረብኛ እንደተተረጎመ ይታመናል። በሰሞነ ሕማማት ከሰኞ እስከ ዓርብ በየሰዓቱ ይነበባል፤ ምእመኑ «ኪርያላይሶን» እያለ ይሰግዳል፤ በዓርብ ስቅለት ማታ ካህኑ በወይራ ቅጠል ጀርባውን ይጠበጥበዋል። ላሐ ማርያም የእናቲቱን ልቅሶ ያሰማል። አምስቱ ቅንዋት እንኳ ስም አላቸው፦ ሳዶር፣ አላዶር፣ ዳናት፣ አዴራ፣ ሮዳስ። ሕማማተ መስቀሉ አንድ በአንድ ተቆጥሮ 13 ነው።

የእያንዳንዱን ችንካር ስም በቃሉ የሚያውቅ ሕዝብ ሕማሙን ደረጃ በደረጃ የሚያሳይ ሥዕል ብዙም አልነበረውም። ጆሮው ለዘመናት የሰማውን ዓይኑ እምብዛም አላየውም። የአንትወርፕና የሮም ወረቀቶች ይህን ክፍተት አገኙ። በስብከት ያልተሳካላቸው ኢየሱሳውያን በሥዕል የተሳካላቸው ሥዕሉ አዲስ ትምህርት ስላልነበረው ነው። ሕዝቡ በየዓመቱ ለሚሰግድለት ነገር መልክ ሰጠ እንጂ ስለ ክርስቶስ ሁለት ባሕርይ የተነሣውን ክርክር አልነካም። የኢየሱሳውያኑ ፓትርያርክ የሜንዴዝ ትእዛዝ ግን ቅዳሴውን፣ ጾሙን፣ ጥምቀቱን ነካ፤ ስለዚህ ከጌታው ጋር ተባረረ።

ጎንደሬው ሠዓሊ ምን ለወጠ?

መገልበጥ ሲባል ዝም ብሎ መከተል የሚመስለው ሰው የቴምፔስታንና የጎንደሬውን ሠዓሊ ገጾች ጎን ለጎን ይመልከት። የቴምፔስታ መስመር ጥቁርና ነጭ ነው፤ ጥላውን በተደራረቡ ጭረቶች ያወጣል፤ ከኋላ ከተማ፣ ተራራና ደመና አለ። ጎንደሬው ሠዓሊ ጭረቱን ጠረገው፣ ከተማውን አስወገደው፣ ባዶውን ቦታ በደማቅ ቀይ፣ ቢጫና ሰማያዊ ሞላው። ጥልቀቱ ሲጠፋ ሰዎቹ ሁሉ ወደ ፊት መጡ።

ፊታቸውንም አዞረው። በአውሮፓው ኅትመት ሐዋርያም ሆነ ወታደር እንደ አቋሙ ጎኑን ወይም ጀርባውን ሊሰጥ ይችላል። በኢትዮጵያ ሥርዓት ግን ቅዱስ በሁለት ዓይኑ ያያል፤ ይሁዳ፣ ገራፊውና ሰይጣን ጎናቸውን ሰጥተው በአንድ ዓይን ይቀራሉ። ስለዚህ የተገለበጠው ትዕይንት በአንድ እይታ የሚነበብ ፍርድ ሆነ፦ ማን ከማን ወገን እንደቆመ የፊቱ አቅጣጫ ይናገራል። ክራናኽ ለዚህ ፍርድ ሁለት ገጽ አስፈልጎታል፤ ጎንደሬው በአንድ ገጽ ጨረሰው።

ደሙም የራሱን ሥርዓት ያዘ። መላእክት በጽዋ ይቀበሉታል፤ ከመስቀሉ ሥር ባለው በአዳም ራስ ቅል ላይ ይወርዳል፤ ፀሐይና ጨረቃ ከላይ ይጨልማሉ። እነዚህ ምልክቶች በሌሎች ክርስቲያኖች ሥዕልም አሉ፤ ኢትዮጵያዊው ያጠበቀው አንድ ልማድ ግን ልዩ ትኩረት ይፈልጋል። በተጣጣፊ የእንጨት ሥዕሎችና በመቅደስ ግድግዳዎች ላይ ስቅለቱ ብቻውን እምብዛም አይቆምም። ከጎኑ ጌታ አዳምንና ሔዋንን እጃቸውን ይዞ ከሲኦል ያወጣል። የሰሜን አውሮፓ ሠዓልያን፣ ለምሳሌ ግሩኔዋልድ ከ1512 እስከ 1516 በሠራው የኢዘንሃይም ታቦት ሥዕል፣ የሞተውን ሥጋ ቁስል እየቆጠሩ ተመልካቹን እዚያው ያቆሙት ነበር፤ ትንሣኤውን ለማየት መዝጊያው መከፈት ነበረበት። እኛ ዘንድ ሁለቱ በአንድ ጊዜ ይታያሉ። የባዶው መስቀል ዘመን የድል ትምህርት አልጠፋም፤ ከሕማሙ አጠገብ ተቀመጠ።

በጦር ሜዳ የተማረከ ሥዕል

ከሕማማት ሥዕሎች ሁሉ እንደ ኵርዓተ ርእሱ የመንግሥት ሥልጣን የተሸከመ የለም። ስሙ የክርስቶስን ራስ በመቃ መመታት የሚያስታውስ ነው፤ ክርስቶስ ከወገቡ በላይ፣ የእሾህ አክሊል ደፍቶ፣ ደም በፊቱ እየወረደ። ዋናው ሥዕል በ1520 አካባቢ በፍላንደርስ ወይም በፖርቱጋል ሥልት በእንጨት ላይ የተሠራ ነው፤ ትውፊቱ ግን ለወንጌላዊው ሉቃስ ይሰጠዋል። የጎንደር ነገሥታት ወደ ዘመቻ ይዘውት ይወጡ ነበር፤ መኳንንት በፊቱ ይማማላሉ። በ1744 የኢያሱ ዳግማዊ ጦር በስናር ሲሸነፍ ሥዕሉ ተማረከ፤ ንጉሡም በወርቅ ዋጅተው አስመለሱት። ቅጂዎቹ በዝተው ዛሬ ብዙ ጊዜ በሁለት ጎን ወታደሮች በበትር እየመቱት ይታያል።

በ1868 መቅደላ ስትወድቅ ከእንግሊዝ ጦር ጋር የመጣው የብሪቲሽ ሙዚየሙ ሪቻርድ ሆልምስ ሥዕሉን ከዐፄ ቴዎድሮስ መኝታ በላይ አገኘውና ለራሱ ያዘው። በ1872 ዐፄ ዮሐንስ ኵርዓተ ርእሱና ክብረ ነገሥት እንዲመለሱላቸው ለንግሥት ቪክቶሪያ ጻፉ። ክብረ ነገሥቱ ተመለሰ፤ ስለ ሥዕሉ የሚታወቅ ነገር የለም ተባለ። በዚያን ጊዜ ሆልምስ በንግሥቲቱ በራሷ በዊንድሰር ቤተ መንግሥት የቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ነበር። ሥዕሉ በ1917 በለንደን ተሸጠ፤ በ1950 እንደገና ተሸጦ ወደ ፖርቱጋል ሄደ፤ በ1998 ጋዜጠኛው ማርቲን ቤይሊ እዚያ በግል እጅ እንዳለ አሳወቀ። ዋናው ከአገር ሲወጣ ኵርዓተ ርእሱ ከአገር አልጠፋም፤ ቅጂው በየገዳሙ ነበርና። ሥዕልን ማባዛት የሚሰጠው ዋስትና ይህ ነው።

ፈልፋዩ ወደ አዲስ አበባ መጣ

የኢትዮጵያ ሠዓሊ ለሦስት መቶ ዓመታት ኅትመትን ሲገለብጥ ራሱ አላተመም። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ደግሞ በቀለም የታተሙ የአውሮፓ የቅዱሳን ሥዕሎች በገበያ ሲበዙ የአዲስ አበባ አብያተ ክርስቲያናት ግድግዳ እነሱን መምሰል ጀመረ፤ በአቡጀዲ ላይ ተሥሎ በሚለጠፈው ሥዕል የገረጣ ቆዳና የወርቅ ጸጉር በዛ። በ1914 ዓ.ም. ራስ ተፈሪ ያቋቋሙት ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት ለመጽሐፍ ብዙ አደረገ፤ የእንጨት ሥዕል ጥበብ ግን ሌላ ቤት ጠበቀ።

ያ ቤት ከቤተ ክህነት ሠዓልያን ዘር የሆኑት አለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም. ያቋቋሙት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ነው። ከ1963 እስከ 1966 ካርል ሃይንዝ ሃንሰን የተባለ የሃምቡርግ ተወላጅ እዚያ የእንጨት ኅትመት አስተማረ። በብራዚል ባሂያ ግዛት ኖሮ «ሃንሰን ባሂያ» የተሰኘ ሰው ነው። ከዱረር አገር የመጣው ስለት በዚህ መንገድ ከኢትዮጵያውያን ተማሪዎች እጅ ገባ። ከተማሪዎቹ አንዱ ዘሪሁን የትምጌታ በመጀመሪያ የታወቀው በእንጨት ኅትመቱ ነው፤ በ1992 በዳካር የሥነ ጥበብ ትርኢት ተሸልሟል።

በዚያው ትምህርት ቤት ያስተምር የነበረው ገብረ ክርስቶስ ደስታ ሥቃይን በሌላ መንገድ ያዘው። አባቱ አለቃ ደስታ መጻሕፍትን በሥዕል የሚያስጌጡ ሊቅ ነበሩ፤ እሱ ደግሞ በጀርመን ኮሎኝ ተምሮ መጣ። በ1963 የሣለው «ጎልጎታ» የአባቱን ትውፊትና የጀርመኖቹን ድፍረት በአንድ ሸራ ላይ ያጋጥማል። ቀዩ ቀለም የልብስ ወይም የቁስል ቀለም ከመሆን አልፎ ሸራውን ይገዛል። ለቤተ ክርስቲያን ግድግዳ አልተሣለም፤ ለስግደትም አይደለም። የሕማማቱ ሥዕል በኢትዮጵያ ከመቅደስ ወጥቶ የግል ጥያቄ የሆነባት ሰዓት ያች ናት።

የቦሌ ግድግዳዎች ክርክር

የ16ኛው ክፍለ ዘመን ክርክር ዛሬ በምሥራቅ አዲስ አበባ በግድግዳ ላይ ይነበባል። ቦሌ መድኃኔዓለም ለስቅለቱ መታሰቢያ የቆመ ነው፤ ስቅለቱ የሚታሰበው መጋቢት 27 ነው፣ በዐቢይ ጾም ስለሚውል ግን በዓሉ ጥቅምት 27 በድምቀት ይከበራል። ከዚያ ብዙም ሳይርቅ፣ በገርጂም ሆነ በሲኤምሲ፣ የወንጌላውያን አዳራሾች ግድግዳ ሥዕል የለውም፤ መስቀል ቢኖር እንኳ ባዶ ነው። የዙሪክ ውሳኔ እዚህ ድረስ መጥቷል። ያ ባዶ መስቀልና የሐይቁ ወንጌል ባዶ መስቀል ለዓይን ቢመሳሰሉም የወጡት ከተለያየ ልብ ነው፤ አንዱ ሥዕልን ከመፍራት፣ ሌላው በሥዕል ድልን ከማወጅ።

በኦርቶዶክሳውያን መካከልም ሌላ ክርክር አለ። ፖስተርና ባነር አታሚው ከኢንተርኔት ያወረደውን፣ ሰማያዊ ዓይን ያለውን ሥዕል ያባዛል፤ በጥምቀት ቲሸርት ላይ ሳይቀር ይታተማል። የሰንበት ትምህርት ቤት መምህራን ይህን ምዕራባዊ ነው ብለው ይቃወማሉ፤ «ወደ ጥንቱ፣ ወደ ጎንደር ሥዕል እንመለስ» ይላሉ። ስሜቱ ትክክል ነው፤ ማስረጃው ግን እንደተባለው አይሄድም። የጎንደሩ ሥዕል ራሱ ግማሽ ሥሩ በሮምና በአንትወርፕ ነው። ከውጭ መምጣት ኃጢአት ከሆነ ምስለ ፍቁር ወልዳም ትወጣለች፣ ኵርዓተ ርእሱም ይወጣል።

ልዩነቱ ያለው በመካከል በቆመው ሰው ላይ ነው። የቴምፔስታ ወረቀት ጎንደር ሲደርስ በቀጥታ ግድግዳ ላይ አልተለጠፈም። ግብረ ሕማማትን በቃሉ የሚያውቅ ሠዓሊ በእጁ ገለበጠው፤ በገለበጠ ቁጥርም መምረጥ ግድ ሆነበት። ገራፊውን ጎን አሰጠ፣ ከተማውን ሰረዘ፣ የአዳምን ራስ ቅል አስቀመጠ፣ ከሞቱ አጠገብ ትንሣኤውን ጨመረ። የእጅ ቅጂ ቀስ ያለ በመሆኑ ፍርድ የሚገባበት ጊዜ ነበረው። የዛሬው ማሽን ይህን ጊዜ አጥፍቶታል። ከስልክ ወደ ማተሚያ፣ ከማተሚያ ወደ ባጃጁ መስታወት የሚሄደው ሥዕል በመካከሉ አንድም ሠዓሊ አያገኘውም። ስለዚህ ሥዕል የሚያስገባ ደብር፣ ባነር የሚያሳትም ማኅበር፣ ፖስተር የሚሸጥ ወጣት ሊጠየቅ የሚገባው ሥዕሉን ከየት አመጣህ ተብሎ አይደለም። ማን አየው፣ ማን አረመው፣ ከንባቡ ጋር ማን አገናዘበው ተብሎ ይጠየቅ። ያንን ሥራ የሚሠራ ሠዓሊ በአታሚውና በደብሩ መካከል ቦታ እስካላገኘ ድረስ «ወደ ጎንደር እንመለስ» ማለት የጎንደርን ቀለም መልሶ የጎንደርን ዳኝነት መርሳት ይሆናል።